ሳይስቱ ማሳሳት

«ሐሰት ያልተናገረ ሰው ሊዋሽ ይችላልን?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፥ ብዙዎች ፈጥነው «አይችልም፤ ሐሰት ሳይኖር ውሸት ከየት ይመጣል?» ብለው ይመልሱለት ይሆናል። ይህ መልስ በዳኛ ፊት አንዳንድ ጊዜ ያድናል። በሕሊና ፊት ግን ማዳኑን እጠራጠራለሁ። የጥርጣሬዬን ምክንያት ለመግለጽ ነገሥታትንና መኳንንትን ምሳሌ አላደርግም፤ ስለ እነርሱ ሌሎች ብዙ ጽፈዋልና። ምሳሌ የማደርገው አንድ ትንሽ ሰው ነው፤ ይኸውም ከዘፋኙ ጀርባ በጥላ ውስጥ ቆሞ አራት ክሮች ያሉትን ቤዝ ጊታር የሚመታው ሰው ነው። ነገሩ ከሙዚቃ ቢነሣም መድረሻው ከሙዚቃ ውጭ ስለ ሆነ፥ ጊታር በእጁ ይዞ የማያውቅ አንባቢ ገጹን ፈጥኖ እንዳይገልጥብኝ እለምናለሁ።

ቤዝ ጊታር ዕድሜው አጭር ነው። ከእርሱ በፊት የታችኛውን ወፍራም ድምፅ ይሰጥ የነበረው ኮንትራባስ የሚባለው፥ ተጫዋቹ ቆሞ የሚያቅፈው ትልቅ የእንጨት መሣሪያ ነበር። ኮንትራባስ ለመሸከም ያስቸግራል፤ መለከትና ከበሮ በበዛበት ባንድ መካከልም ድምፁ ይዋጣል። በአንገቱ ላይ የጣትን ቦታ የሚወስን ብረት ስለሌለ ተጫዋቹ ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ጆሮውን ዳኛ አድርጎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሲያትል ከተማ ፖል ተትማርክ የተባለ ሰው እንደ ጊታር የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ብዙ አልተስፋፋም። እ.ኤ.አ. በ1951 ግን ቀድሞ ሬዲዮ ይጠግን የነበረው የካሊፎርኒያው ሊዮ ፌንደር በትከሻ የሚንጠለጠል፥ በአንገቱ ላይ ብረቶች የተተከሉበት የኤሌክትሪክ ቤዝ አወጣ። ስሙንም «ፕሪሲዥን» አለው፤ ትርጓሜው «ትክክለኛነት» ማለት ነው። ጣት በሁለት ብረቶች መካከል ካረፈ ድምፁ ሳይወላገድ ይወጣልና ስሙ ተገቢ ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ትክክለኛነት ከሰው ጆሮ ወጥታ ወደ ብረት ገባች። ይህ ለብዙ ሰዎች ታላቅ ጥቅም ሆነ፤ ከጥቅሙም ጋር አንድ ፈተና ተያይዞ መጣ። ወደ ፈተናው በኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ቤዝ የሚማር ወጣት ትንሽ ከበረታ በኋላ ሞድ ወደሚባለው ትምህርት ይገባል። ነገሩ እንደ ስሙ የሚያስፈራ አይደለም። ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ፥ ሲ የተባሉትን ሰባት ድምፆች ከዶ ጀምረን እስከ ላይኛው ዶ ብንወጣ አዮንያን የሚባለው ሞድ ይሆናል። እነዚያኑ ድምፆች፥ አንዱን እንኳ ሳንለውጥ፥ ከሬ ጀምረን ወደ ሬ ብንመለስ ዶርያን ይባላል። ከሚ ሲጀመር ፍሪጅያን፥ ከፋ ሊድያን፥ ከሶል ሚክሶሊድያን፥ ከላ ኤኦልያን፥ ከሲ ሎክርያን ነው። ሰባቱም የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን እጅግ የተለያየ ነው። በአዮንያን ቀኑ ብሩህ ሆኖ ይሰማል። ዶርያን ያዘነ ይመስላል፥ ነገር ግን ተስፋ አልቈረጠም። በፍሪጅያን ሁለተኛው ድምፅ ከመነሻው በግማሽ እርምጃ ብቻ ስለሚርቅ፥ ከደጃፍ ላይ የቆመ እንግዳ ሰው እንዳለ ያህል ልብ ይሠጋል። ሎክርያን ደግሞ ከመነሻው አምስተኛ የሆነው ድምፅ ግማሽ ስለሚጐድለው ማረፊያው ራሱ አይጸናም፤ በዚያ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚኖር የለም።

እንግዲህ ድምፆቹ አንድ ከሆኑ ይህን ሁሉ ልዩነት ያመጣው ምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው፤ የተለየው መመለሻው ነው። ዜማ ይወጣል፥ ይወርዳል፥ ይዞራል፤ በመጨረሻ ግን አንድ የሚያርፍበት ድምፅ አለው። እኔ ይህን ድምፅ «ቤት» እለዋለሁ። ባለ ቅኔዎቻችንም ግጥም «ቤት መታ» ሲሉ የስንኙን መዝጊያ ማለታቸው ስለ ሆነ፥ ቃሉ ከዚህ ሐሳብ ብዙ አይርቅም።

ይህ ነገር የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስለን ወደ አገራችን ቅኝቶች እንመልከት። ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት ከዶ ሲጀመር ድምፆቹ ዶ፥ ሬ፥ ዝቅ ያለ ሚ፥ ሶል እና ዝቅ ያለ ላ ናቸው። እነዚህኑ አምስት ድምፆች ይዘን ቤታችንን ሶል ብናደርግ አምባሰልን እናገኛለን። የሁለቱን ቅኝቶች ድምፅ በወረቀት ላይ ጽፎ ለሚያይ ሰው ልዩነት የለም፤ ለሚሰማ ሰው ግን አንዱ ሌላው አይደለም።

ታዲያ በአንድ ባንድ ውስጥ ቤቱ የት እንደ ሆነ የሚናገረው ማን ነው? ብዙ ሰው «ዘፋኙ ነው» ይላል። እርግጥ ዘፋኙ ያውጃል፤ የሚያጸናው ግን ከበታች ያለው ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ዶ፥ ሚ እና ሶልን አንድ ላይ ቢነካ፥ ቤዙም ከሥር ዶን ቢመታ፥ የሚሰማው ደስ የሚል የዶ ኮርድ ነው። ፒያኖው ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ቤዙ ብቻ ወደ ላ ቢወርድ፥ ያው ኮርድ ወዲያው ወደ ኀዘን ይለወጣል። ላይኛው አልተነካም፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆነ። ሰምና ወርቅ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ሰሙ ከላይ ሆኖ ለሁሉ ይታያል፥ ወርቁን የሚወስነው ግን ከሥር ያለው ነው። የቤዝ ከሁሉ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፤ ይህም ሰው በጆሮው ከመስማቱ በፊት በደረቱ የሚሰማው የሚመስል ድምፅ ነው። የዳንስ ቤት ሰው ሁሉ እግሩን የሚያነሣው በእርሱ ነው፤ ከመቶ ሰው ግን ዞር ብሎ የተጫዋቹን ፊት የሚያይ አንድ አይገኝም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን ደርሰናል። አንዲት ወጣት ዘፋኝ በብዙ ሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቆማለች እንበል። የምትዘፍነው በትዝታ ሜጀር ነው፤ ድምፆቿ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ናቸው፤ ቤቷም ዶ ነው። ከኋላዋ ያለው የቤዝ ተጫዋች እነዚህን አምስት ድምፆች ያውቃቸዋል፤ ጣቶቹ ግን የለመዱት ከላ ተነሥተው ወደ ላ መመለስን ነው። ስለዚህ ላን እየመታ ይነሣል፥ ላ ላይም ያርፋል። እርሷ ደክማ ዶ ላይ ልታርፍ ስትወርድ፥ ከበታቿ ያለው ላ ማረፊያዋን ከሥሯ ይስብባታል። በሁለተኛው ስንኝ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ መነሻዋን ፍለጋ ወደ ላይ ትወጣለች፤ እርሱም እንደ ልማዱ ላን ይመታል። ሕዝቡ ምን ይላል? «ልጅቱ መልኳ ያምራል፥ ድምፅዋም መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅኝት ትስታለች» ይላል። የባንዱ አለቃ በማግሥቱ ሌላ ዘፋኝ ይፈልጋል። የተጫዋቾቹን እጅ አንድ በአንድ ቢመረምር እንኳ የቤዙ ሰው «ከትዝታ ድምፆች ውጭ አንድም አልመታሁም» ብሎ ሊምል ይችላል። መሐላውም እውነት ነው። ልጅቱ ግን ወደ ቤቷ ሄዳ ታለቅሳለች፤ ምናልባትም ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሷን ጆሮ ማመን ትተዋለች። እኔ ከሁሉ የከፋው ጉዳት ይህ የመጨረሻው ይመስለኛል፤ ሥራ ያጣ ሰው ሌላ ሥራ ያገኛል፥ በራሱ ጆሮ ማመንን ያጣ ሰው ግን ምን እንደ ጠፋበት እንኳ ለይቶ አያውቅም።

ከሙዚቃ ወጥተን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ሁለት ጎረቤቶች ተጣልተው አንዱ ሌላውን በጥፊ መታው እንበል። የተጠራው ምስክር ነገሩን ከጥፊው ጀምሮ ይናገራል፤ ሲዘጋም በጥፊው ይዘጋል። የተመታው ሰው አስቀድሞ የመቺውን እናት ሲሳደብ መቆየቱንም አልሸሸገም፤ በመካከል እንደ ዋዛ ጣል አደረገው። ሌላ ምስክር ያንኑ ታሪክ ከስድቡ ጀምሮ በስድቡ ቢዘጋው ሽማግሌዎቹ የሚሰጡት ፍርድ ሌላ በሆነ ነበር። በሁለቱም ምስክርነት ውስጥ ያሉት ቃላት አንድ ናቸው፤ ቤታቸው ግን ተለወጠ። የዕድር ቃለ ጉባኤ የሚጽፍ ሰውም እንዲሁ ነው። ሊቀ መንበሩ ይናገራል፥ አባሎቹ ይከራከራሉ፥ ጸሐፊው ዝም ብሎ ጥግ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ክርክር ሲነሣ ግን የሚነበበው የሊቀ መንበሩ ንግግር ሳይሆን ጸሐፊው ከየት ጀምሮ የት እንዳሳረፈው ነው። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ሥልጣናቸው ስለማይታይ «እኔ ምን አደረግሁ?» ለማለት ይመቻቸዋል።

ነገር ግን ለቤዝ ተጫዋቹ እንፍረድለትና «ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤቱ ዶ መሆኑን አልሰማም ነበር» እንበል። አለመስማቱ ያድነዋልን? ይህን ለመመለስ ያልሰማበትን ምክንያት ማወቅ አለብን፤ ቀደም ብዬ ፈተና ያልኩትም ይህ ነው።

ክራር የሚመታ ሰው ከትዝታ ወደ አንቺሆዬ ለመሻገር ሲፈልግ ክሮቹን እንደገና ማጥበቅና ማላላት አለበት። «ቅኝት» የሚለው ቃል ራሱ የወጣው «ቃኘ» ከሚለው ግሥ ነው። ያጠብቃል፥ ያዳምጣል፥ ያላላል፥ እንደገና ያዳምጣል። ባያዳምጥ ወደ አዲሱ ቅኝት መግቢያ በር የለውም። የቤዝ ተጫዋች ግን በመሣሪያው ላይ የሚለውጠው አንዳች የለም። አራቱ ክሮቹ፥ ማለትም ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል፥ አንዱ ከአንዱ እኩል ይራራቃሉ፤ እያንዳንዱ ክር ከታችኛው በአምስት ብረት ከፍ ይላል። ርቀቱ እኩል በመሆኑ የአንዱን ሞድ የጣት ቅርፅ አንድ ጊዜ ያጠና ሰው ያንኑ ቅርፅ ሳይለውጥ በአንገቱ ላይ ወደ ወደደበት ያንሸራትተዋል። ሰባት ሞዶች በ12 መነሻዎች ሲባዙ 84 ይሆናሉ፤ ለጣት ግን ሰባት ቅርፆች ይበቁታል። በስድስት ክር ጊታር ላይ ሁለቱ ክሮች ርቀታቸው ስለሚለይ ይህ ምቾት ሙሉ አይደለም፤ በቤዝ ላይ ግን ሙሉ ነው። ዛሬ ደግሞ የጣትን ማረፊያ በስልክ መስታወት ላይ በቀይ ነጥብ እያሳዩ የሚያስተምሩ ስለ በዙ፥ ትጉህ ልጅ ሰባቱን ቅርፆች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊያጠናቸው ይችላል። በፍጥነት ሲወጣና ሲወርድ ያየው ሁሉ ያደንቀዋል። «አሁን የመታኸው ቤቱ የቱ ነው? ጊታርህን አስቀምጥና በአፍህ አንጐራጉረው» ቢሉት ግን ይደነግጣል። አማርኛችን ከልብ ያልሆነውን ነገር «ከአንገት በላይ» ይለዋል፤ የዚህ ልጅ ዕውቀት ግን ገና ከጊታሩ አንገት እንኳ አልወጣም።

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ይህን የመሰለ ነገር መርምሯል። በሰካራም ሰው ላይ ቅጣት እጥፍ የሚሆንበትን ሕግ ይጠቅስና፥ ሰካራሙ ሲያጠፋ የሚያደርገውን ባያውቅም ያለማወቁ መነሻ ራሱ ነው፤ አለመስከር ይችል ነበርና ይላል። እኔ የቤዝ ተማሪን ከሰካራም ጋር አላስተካክልም፤ ቅጣቱንም እጥፍ አድርጉበት አልልም። ዳሩ ግን ምክንያቱ ለእርሱም ይደርሳል። ጆሮውን መክፈትና ጣቱን ማስለመድ ሁለቱም በፊቱ ነበሩ፤ የሚያስጨበጭበውን መረጠ። ስለዚህ «አልሰማሁም» የሚለው ቃል ከክፋት ያነጻዋል፥ ከኃላፊነት ግን አያወጣውም። ጥፋቱን ያወቀ ዕለት ደግሞ ወደ ባንዱ አለቃ ሄዶ «ልጅቱ አልሳተችም፤ ማረፊያዋን የነሣኋት እኔ ነኝ» የማለት ዕዳ አለበት። ማንም አልጠየቀውም፥ የሚያጋልጠውም የለም፤ ዕዳው የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ስሞች አንድ ነገር ጣል አድርጌ ልለፍ። አንዳንድ ወጣቶች የግሪክ ስሞቹን በቃላቸው ይዘው «ፕላቶን እንኳ ዶርያንን አመስግኗል» ሲሉ ይሰማሉ። እርግጥ ነው፤ ፕላቶን «ሪፑብሊክ» በተባለው መጽሐፉ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ሶቅራጥስ የልቅሶና የስካር ናቸው ያላቸውን ቅኝቶች ከከተማው ያስወጣል፤ ዶርያንና ፍሪጅያን የተባሉትን ብቻ፥ አንዱን ለጦር ጀግንነት፥ አንዱን ለሰላም ጊዜ ትዕግሥት ያስቀራል። የዛሬው ዶርያን ግን የፕላቶን ዶርያን አይደለም። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ የቤተ ክርስቲያን የዜማ ሊቃውንት የጥንቱን ስም ለሌላ ቅኝት ሰጡት፤ አዮንያንና ኤኦልያን የሚባሉትንም ስዊሳዊው ግላሬያን እ.ኤ.አ. በ1547 ባሳተመው መጽሐፍ ጨመራቸው። ስሙን ይዞ ነገሩን የያዘ የሚመስለው ሰው ሁለት ሺሕ ዓመት የሚያህል ርቀት ሳያይ ይዘላል። ቅኝት በራሱ ሰውን ጀግና ወይም ሰነፍ ያደርጋል የሚለውንም የፕላቶንን ሐሳብ እኔ አልቀበለውም፤ ያው አምስት ድምፅ አንድ ጊዜ ትዝታ፥ አንድ ጊዜ አምባሰል ሲሆን አይተናልና።

«እንግዲያው ስሙም ቅርፁም ይቅርብን፤ ሕግ ስሜትን ይገድላል» የሚሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ የተሻሉ አይደሉም። የዜማ ተማሪ ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን ለይቶ እስኪያውቅ ድረስ ብዙ ዓመት ይደክማል፤ ድካሙ ስሜቱን ገደለው ያለ የለም። ሕግ ሲያንስ ሸክም ይቀላል ማለትም ስሕተት ነው። ማይልስ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በተባለው አልበም ውስጥ «ሶ ዋት» የሚባል ሥራ አለ። 16 ባር ሙሉ በሬ ዶርያን ይቆያል፤ ከዚያ 8 ባር በግማሽ እርምጃ ከፍ ይላል፤ በመጨረሻዎቹ 8 ባሮች ወደ ሬ ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነው። ዜማውን የሚጀምረው ደግሞ በኮንትራባስ ፖል ቼምበርስ ነው፤ እርሱ ከታች ይጠይቃል፥ የቀሩት መሣሪያዎች በሁለት አጭር ኮርድ ይመልሱለታል። ኮርዶች በፍጥነት በሚፈራረቁበት ሙዚቃ ሰው ድካሙን በግርግሩ ውስጥ ሊደብቅ ይችላል። በአንድ ቤት 16 ባር የሚቆይ ሰው ግን መደበቂያ የለውም፤ በየባሩ እዚያ ለመቆየት ምክንያት ማቅረብ አለበት። ያን ግማሽ እርምጃ ሲሻገርም ከሥር ያለው ሰው ቢጠራጠር ላይኞቹ ሁሉ በአንድነት ይሰናከላሉ።

ሞድን በደንብ የተማረ ሰው ሌላም ፈተና ይጠብቀዋል፤ ይህኛው የዐዋቂ ፈተና ነው። ልጅቱ የዘፈነችው ትዝታ አምስት ድምፆች ብቻ አሉት። በእነዚህ ላይ ፋና ሲ ሲጨመሩ አዮንያን ይሆናል፤ ፋን በግማሽ ከፍ ብናደርገው ሊድያን፥ ፋን ትተን ሲን በግማሽ ዝቅ ብናደርገው ሚክሶሊድያን ይሆናል። ዘፋኟ ሦስቱንም በሮች ክፍት ትታቸዋለች፤ የትዝታም ውበት አንዱ ምሥጢር ይህ ይመስለኛል። ሦስቱን ሞዶች የሚያውቅ የቤዝ ተጫዋች እጁ ይበላዋል። ፋን ጣል ቢያደርግ ዐዋቂነቱ ይታወቅለታል፤ እርሷ ግን ሳትናገር የተወችውን ነገር እርሱ ተናገረባት ማለት ነው። በገና አሥር አውታሮች አሉት፤ ዐሥሩም ግን አይመቱም፥ ከእነርሱ ጥቂቶቹ ለጣት ማረፊያ ናቸው። አባቶቻችን የማይመታውን አውታር ነቅለው አልጣሉትም።

ለሚማር ወጣት የምመክረው ልምምድ ገንዘብም ረጅም ጊዜም አይጠይቅም። ላ ክርን ሳይዝ ይምታውና እስኪጠፋ ይተወው። ድምፁ ሳይጠፋ የሚቀጥለውን ድምፅ በጣቱ ሳይሆን በመጀመሪያ በአፉ ይፈልገው፤ ካገኘው በኋላ በክሩ ላይ ይፈትነው። ሰባቱን ሞዶች ሁሉ ከዚያው አንድ ላ ላይ ይሥራቸው እንጂ ከልዩ ልዩ ቦታ እየጀመረ በአንዱ ቅርፅ አይንሸራተት፤ ልዩነታቸው የሚሰማው ቤቱ አንድ ሆኖ ሲቆይ ነውና። ፍጥነቱ ይዘገያል፥ ጓደኞቹም ይቀድሙታል። ይቅደሙት።

በመድረክ ቀን ደግሞ መብራቱ ሳይበራ ወደ ዘፋኟ ቀረብ ብሎ «እባክሽ እኅቴ፥ የመጨረሻውን ስንኝ አንድ ጊዜ ቀስ ብለሽ አንጐራጉሪልኝ» ይበላት። ይህ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ያረፈችበትን ድምፅ ሰምቶ በአፉ ይያዘው፥ በክሩም ላይ ይፈልገው፤ ከዚያም ወደ ቦታው፥ ወደ ጥላው ይመለስ።